ሌጎ ስታር ዋርስ ዘ ኮምፕሊት ሳጋ ለሁለት ልጆች፦ የማይከፈቱ በሮች፣ የማይበቃ ስተድ፣ የሚጎትት ስክሪን

የሁለት_ልጆች_እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። የሚጫወቱት የ6 እና የ9 ዓመት ልጆች ናቸው፤ በአንድ ቲቪ፣ በሁለት ኮንትሮለር፣ ኤክስቦክስ 360 ላይ። ከኤፒሶድ 1 እስከ 4 ያለው ታሪክ አልቋል፣ አሁን 5 መሃል ላይ ናቸው። ትንሹ ገና አያነብም።

የተቸገርንበት አራት ነገር ነው። አንደኛ፣ በየሌቨሉ የማይሰበሩና የማይከፈቱ ነገሮች አሉ። ብረት መሳይ የሚያብረቀርቅ ዕቃ አለ፣ በሰይፍም በጥይትም ቢመታ ምንም አይሆንም። ሌላው ደግሞ ዙሪያውን ቀይ ብልጭታ ያለው ነው፤ ፎርስ (ዕቃን ሳይነኩ የማንቀሳቀስ ኃይል) ያለው ካራክተር አጠገቡ ቆሞ ቁልፉን ቢጫንም ንቅንቅ አይልም። ግድግዳ ላይ የራስ ቁር የተሳለባቸው ፓነሎችም አሉ። ጌሙ ተበላሽቶ ነው ወይስ የጎደለን ነገር አለ?

ሁለተኛ፣ ስተድ፣ ማለት የጌሙ ገንዘብ፣ አልጠራቀም ብሏል። አሁን ያለው 340,000 ገደማ ነው። ትልቁ ካራክተር ይገዛበት ይላል፤ ካንቲናው (ወደ ሌቨሎቹ የሚገባበት መነሻ ቦታ) ባንኮኒ ላይ ኤክስትራ የሚባሉ፣ ተገዝተው የሚበሩ ተጨማሪ ነገሮችም ብቅ ብቅ እያሉ ነው። የቱ ይቅደም?

ሦስተኛውና ዋናው ስክሪኑ ነው። አንዱ ወደፊት ሲሄድ ሌላው እየተጎተተ ገደል ይገባል። ጠቡ ሁሉ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ስክሪኑን ለሁለት መክፈል ይቻላል?

አራተኛ፣ ሌቨል ሳያልቅ ሲወጡ የሰበሰቡት በሙሉ ይጠፋል። ይሄ የተለመደ ነው?


ቢጫ_ራስ፦

እህቴ፣ ምንም የተበላሸ ነገር የለም። እያንዳንዱ ሌቨል ቢያንስ ሁለት ጊዜ እንዲኬድ ተደርጎ ነው የተሠራው። የመጀመሪያው ዙር ስቶሪ ነው፤ በዚያ ዙር የትኛውን ካራክተር እንደምትይዙ የሚወስነው ታሪኩ ነው። ሌቨሉ ሲያልቅ እዚያው በር ላይ ፍሪ ፕሌይ የሚባል ምርጫ ይመጣል፤ በዚህኛው ዙር ያገኛችኋቸውን ካራክተሮች ሁሉ ይዛችሁ ትገባላችሁ። በስቶሪ ዙር የማይከፈተው ነገር ሁሉ ለዚህ ለሁለተኛው ዙር የተቀመጠ ነው።

አሁን አንድ በአንድ። ብረት መሳዩ የሚያብረቀርቅ ዕቃ የሚፈርሰው በባውንቲ ሃንተር (ለክፍያ ሰው የሚያድን ካራክተር) ቦምብ ብቻ ነው። ቀይ ብልጭታ ያለው ዕቃ ጨለማውን ፎርስ የሚጠቀም ካራክተር ይፈልጋል፤ ኦቢ ዋን ቀኑን ሙሉ ቢቆምበት አይንቀሳቀስም። የራስ ቁር ያለባቸው ፓነሎች ሁለት ዓይነት ናቸው፣ ምስሉን ቀረብ ብላችሁ እዩት። አንዱ ነጭ የስቶርምትሩፐር ቁር ነው፤ የኢምፓየሩን ልብስ የለበሰ ካራክተር ፊቱ ሲቆም ይከፈታል። ሌላው የቦባ ፌት ዓይነት ቁር ነው፣ ዓይኑ ላይ ያለው ጥቁር መስመር ወደ አፍ የሚወርድ፤ ይሄ ባውንቲ ሃንተር ይጠይቃል። ከነዚህ ሌላ የሁለቱ ሮቦቶች ምስል ያለባቸው አሉ፤ የሲ ስሪ ፒ ኦን አር ቱ ዲ ቱ አይከፍተውም፣ የአር ቱንም ስሪ ፒ ኦ አይከፍተውም። ግድግዳ ሥር ያለች ትንሽ ቀዳዳ ለአጭር ካራክተር ናት። በድርብ ዝላይም የማይደረስበት ከፍ ያለ ቦታ ካለ ደግሞ እንደ ጃር ጃር ያለ ከፍ ብሎ የሚዘል ያስፈልገዋል።

ትንሹ ባያነብም ይሄን ከትልቁ ቀድሞ ሊይዘው ይችላል፤ ሁሉም በምስል ነው። ካራክተሮቹም አይናገሩም፣ ታሪኩ የሚነገረው በምልክትና በማጉረምረም ነው። ስለዚህ ቋንቋ የሚያግደው ነገር እምብዛም የለም።

ዋናው ምክሬ ይሄ ነው፦ እነዚህን ችሎታዎች በስተድ ለመግዛት አትቸኩሉ፤ ታሪኩን ስትጨርሱ ሁሉም በነጻ ይመጣሉ። ከኤፒሶድ 1 ጃር ጃርና ሕፃኑ አናኪን አሁኑኑ አሏችሁ፤ ዝላዩም ትንሿ ቀዳዳም ተፈቷል ማለት ነው። ከኤፒሶድ 4 ሁለቱ ሮቦቶች፣ የስቶርምትሩፐር ልብስ የለበሱት ሉክና ሃንም አሏችሁ። የቀሯችሁ ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ያሉት ኤፒሶድ 6 ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ሌቨል ላይ፣ ጃባ ቤተ መንግሥት ውስጥ፣ ሊያ ቡሽ የሚባለውን ባውንቲ ሃንተር መስላ፣ ፊቷን ተሸፍና ትመጣለች። ቦምብ አላት፣ ፓነሉንም ትከፍታለች። አምስተኛው ሌቨል ላይ ደግሞ ዳርዝ ቬደር ራሱ ከሉክ ጋር ሆኖ የእናንተ ካራክተር ይሆናል። ቀይ ብልጭታ ያለውን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው።

ስለዚህ 5ን ጨርሱ፣ 6ን ጨርሱ፣ ከዚያ ወደ ኤፒሶድ 1 ተመለሱ። ከዚያ በፊት በፍሪ ፕሌይ መመላለስ ድካም ብቻ ነው፤ ግማሹ በር እንደተዘጋ ይጠብቃችኋል።

ፍሪ ፕሌይ ስትገቡ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ካራክተር ይመርጣል፤ የቀረውን ቡድን ጌሙ ካላችሁ ካራክተሮች መካከል፣ የተለያየ ችሎታ እንዲኖር አድርጎ ራሱ ይሞላዋል። በኮንትሮለሩ አናት ላይ ባሉት ኤልቢ እና አርቢ ቁልፎች ባለበት ቦታ ሆኖ ይቀያየራል። ስቶሪ ላይ ግን ዋይ የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ መቀየር የሚቻለው አጠገቡ ካለ ካራክተር ጋር ብቻ ነው። ልጆች ይሄን ልዩነት ካላወቁ በፍሪ ፕሌይም ዋይን እየተጫኑ «አልሠራ አለኝ» ይላሉ።


ስተድ_ቆጣሪ፦

የካራክተሩን ነገር ቢጫ_ራስ ጨርሶታል። የስተዱን ልውሰድ፤ እዚህ ላይ ሒሳቡን የሚሠራ ሰው ስለሚያንስ ብዙ ልፋት ይባክናል።

የስተድ ዋጋ በቀለም ነው፦ ብርማው 10፣ ወርቃማው 100፣ ሰማያዊው 1,000፣ ሐምራዊው 10,000። ትንሹ ልጅ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ቢይዝ ይበቃዋል፤ ሰማያዊ ሲያይ ሌላውን ትቶ ወደዚያ ይሩጥ። አንዷ ሰማያዊ መቶ ብርማ ናት። ስተድ ከወለሉ ላይ ብቻ አይለቀምም። ወንበር፣ ተክል፣ መብራት፣ የሚሰበር ነገር ሁሉ ሲመታ ስተድ ይረጫል፤ በፎርስ የሚነቃነቅ ነገርም እንዲሁ። ሮጦ ያለፈና እየሰበረ ያለፈ ልጅ አንድ ዓይነት ሌቨል ላይ የሚያገኙት በጣም ይለያያል።

ወደ ኤክስትራ ስንመጣ፣ ሌቨሎቹ 36 ናቸው፤ በእያንዳንዱ አንድ ቀይ ብሪክ ተደብቋል። ቀይ ብሪኩ ሲገኝ ኤክስትራው አይሰጣችሁም፤ ካንቲናው ባንኮኒ ላይ ለሽያጭ ይወጣል እንጂ። ብሪኩን አግኝተው፣ ያለቀ መስሏቸው የሚተዉት ብዙ ናቸው።

ከ36ቱ ውስጥ ስኮር የሚባሉት አምስቱ ስተድ ያባዛሉ። ዋጋቸው እንዲህ ነው፦ 2 እጥፍ 1,250,000፣ 4 እጥፍ 2,500,000፣ 6 እጥፍ 5,000,000፣ 8 እጥፍ 10,000,000፣ 10 እጥፍ 20,000,000። ልብ በሉ፣ አብረው ሲበሩ እርስ በርስ ይባዛሉ፣ አይደመሩም። 2 እጥፍና 4 እጥፍ አብረው 8 ይሆናሉ፤ 6 ሲጨመር 48፣ 8 ሲጨመር 384፣ 10 ሲጨመር 3,840። አምስቱም በርተው አንዲት ብርማ ስተድ 38,400 ናት። አንዲት ሐምራዊ 38,400,000 ናት፤ የአምስቱ ዋጋ ድምር ደግሞ 38,750,000። አንዲት ሐምራዊ ስተድ ያወጣችሁትን ሁሉ ልትመልስ ጥቂት ነው የሚቀራት።

ከዋጋው ይልቅ የሚያስፈልገውን ልፋት ተመልከቱ። ለ2 እጥፉ ሳይባዛ 1,250,000 መልቀም አለባችሁ። ለ4 እጥፉ ዋጋው ድርብ ቢሆንም እጃችሁ ላይ ያለው 2 እጥፍ ስለሚያግዝ የሚለቀመው ያው 1,250,000 ነው። ለ6 እጥፉ 625,000 ይበቃል። ለ8 እጥፉ 208,000 ገደማ። 20 ሚሊዮን የሚለው፣ የሚያስፈራው የመጨረሻው፣ 52,000 ገደማ ብቻ ነው፤ አንድ ሌቨል በወጉ ከተለቀመ ይገኛል። ከባዱ መጀመሪያው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ላይ ትዕግሥት ካለ የቀረው በራሱ ይወርዳል።

ስለዚህ ያላችሁን 340,000 ያዙት። ቀይ ብሪክ የሚጠቁመው ዲቴክተር ለሽያጭ ከወጣላችሁ እሱ ላይ ማውጣት ያዋጣል፤ የስኮሮቹን ብሪኮች ለማግኘት ይረዳችኋል። ከዚያ የ2 እጥፉ ብሪክ በተገኘ ቀን ሌላ ሁሉ ይቁም። ትልቁ ልጅ ካራክተር ሲጠይቅ ሙሉ በሙሉ መከልከልም ጥሩ አይደለም፤ ባንኮኒው ላይ ዋጋቸው ጥቂት ሺህ የሆነ አሉ፣ ከነሱ አንድ ይምረጥ። ደስታውን ያገኛል፣ ስተዱም አይጎዳም። ቦባ ፌትን የመሳሰሉት ውዶቹ ግን ይቆዩ።

ትሩ ጄዳይ ላይም አትጨነቁ። ላይ ያለው መስመር በስተድ ሲሞላ የሚገኘው ማለት ነው። የተባዛው ስተድ መስመሩን ስለሚሞላ፣ 2 እጥፉና 4 እጥፉ ከበሩ በኋላ ተመልሳችሁ ስትገቡ ሌቨሉ ገና ሳይጋመስ ይሞላል። አሁን ለእሱ ብላችሁ አንድ ሌቨል አምስት ጊዜ አትመላለሱ። እያንዳንዱ ሌቨል ሦስት ወርቅ ብሪክ አለው፤ አንዱ ታሪኩን ለመጨረስ፣ አንዱ ለትሩ ጄዳይ፣ አንዱ በሌቨሉ የተደበቁትን፣ ሚኒኪት የሚባሉትን አሥር ዕቃዎች ለማግኘት። በጌሙ ካለው 160 ወርቅ ብሪክ 108ቱ በዚህ መንገድ ነው የሚመጣው።


ኮንትሮለር_2፦

ሦስተኛውን፣ ዋና ያሉትን፣ እኔ ልመልስ።

ስክሪኑ አይከፈልም። ይህ ጌም የ2007 ነው። ተጫዋቾች ሲራራቁ ስክሪኑ ራሱ የሚከፈልበት አሠራር ወደ ሌጎ ጌሞች የገባው በ2009፣ ከሁለተኛው የሌጎ ኢንዲያና ጆንስ ጌም ጀምሮ ነው። ስለዚህ ሴቲንግ ውስጥ አይፈልጉት፣ የለም። ግን አሠራሩን ካወቁ ጠቡን በብዙ መቀነስ ይቻላል።

ካሜራው ሁለቱንም በአንድ ላይ ለማሳየት ነው የሚታገለው። ሲራራቁ የስክሪኑ ጠርዝ እንደ ግድግዳ ሆኖ የቀረውን ይገፋዋል። ከእግሩ ሥር መሬት ካለ እየተንሸራተተ ይከተላል፤ ከሌለ ይወድቃል። ድልድይ ላይ ቆሞ ለመዝለል የሚያመነታ የ6 ዓመት ልጅ ላይ የሚደርሰው ይህ ነው። ኮንትሮለሩን እንኳ ሳይነካ ይወድቃል፣ ጥፋቱ ግን የእሱ ይመስለዋል።

የመጀመሪያው መፍትሔ መሪውን መቀየር ነው። ብዙ ጊዜ የሚችለው ልጅ ከፊት ይሆንና የማይችለውን ይጎትታል። ገልብጡት። ትንሹ ከፊት ይሁን፣ ትልቁ ከኋላ ይከተል፤ ትልቁ ቢጎተት እንኳ ድርብ ዝላዩን ስለሚያውቅ ራሱን ያድናል። ትልቁ ከኋላ ሲሆን ቦዝኖ እንዳይሰለች የሚሰበረውን መስበርና ስተዱን መልቀም የእሱ ሥራ ይሁን። ለስተድ_ቆጣሪ ሒሳብም ይሄው ይጠቅማል።

ሁለተኛው፣ ትንሹ ጨርሶ የማይሻገረው ቦታ ሲመጣ፦ በራሱ ኮንትሮለር ስታርት ተጭኖ ድሮፕ አውት የሚለውን ይምረጥ። ካራክተሩን ጌሙ ራሱ ይይዝና ትልቁን ተከትሎ ይመጣል። ትልቁ ተሻግሮ ደህና መሬት ላይ ሲቆም ትንሹ ስታርት ተጭኖ ይመለሳል። የሚቀርበት ነገር የለም። ሁለት ሦስት ጊዜ ካሳዩት ራሱ ያደርገዋል።

ሦስተኛው የካራክተር ምርጫ ነው፤ ይሄን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ሲ ስሪ ፒ ኦ ጭራሽ አይዘልም። ሲመታም እጅና እግሩ ይነቀላል፤ በአንድ እግሩ ሲነጥር ልጆች ይስቁበታል፣ ግን በዚያ ሁኔታ ምንም አይሻገርም። አር ቱ ዲ ቱም አይዘልም፣ ነገር ግን ቁልፉ ተጭኖ ሲያዝ ጥቂት ተንሳፍፎ ክፍተት ያልፋል፤ ለትንሽ ልጅ ከዝላይ ይልቅ ይሄ ይቀላል። ጄዳዮች ድርብ ዝላይ አላቸው። ሽጉጥ ያዦቹ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚዘሉት፣ በገመድ መውጣት ግን የእነሱ ነው፤ መሬት ላይ ያለው ክብ ምልክት ላይ ቆመው ነው የሚተኩሱት። በኤፒሶድ 4 እና 5 ትንሹ ዝም ብሎ ስሪ ፒ ኦ ላይ ከቀረ ሁልጊዜ የሚጎተተው እሱ ይሆናል። ዋይን ተጭኖ እንዲቀይር አስተምሩት።

አንድ የቀረ የጠብ ምንጭ አለ። ጓደኛን በሰይፍ መምታት ይቻላል፣ ልብም ያስቀንሳል። አራቱ ልብ ሲያልቅ ካራክተሩ ይበታተንና ወዲያው እዚያው ይመለሳል፤ የሚጎዳው ስተድ ብቻ ነው። ስተዱ ዙሪያውን ይፈስሳል፣ ብልጭ ድርግም ብሎ ከመጥፋቱ በፊት ሁለቱም ሊለቅሙት ይችላሉ። ገደል አፋፍ ላይ የፈሰሰውን መልቀም ግን ያስቸግራል። ልጆቹ ማወቅ ያለባቸው ይሄን ነው፦ በየጥጉ የሚታየው ቁጥር የየራሳቸው ቢመስልም ሌቨሉ ሲያልቅ ወደ አንድ ካዝና ነው የሚገባው። የወንድምን ስተድ መንጠቅ ምንም አያተርፍም።


የሁለት_ልጆች_እናት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የሁላችሁም ግልጽ ነው። 340,000ው አይነካም፤ መጀመሪያ ኤፒሶድ 6 ይለቅ። ሦስት ነገር ልጨምር፦ የመርከብ ሌቨሎች ላይ ሮዝ ሆነው የሚያበሩ ነገሮችን ተኩሰው ተኩሰው ማፍረስ አቃታቸው። ስልክ ላይ ያለውስ ለሁለት ይሠራል? ደግሞ አዲሱ፣ ስካይዎከር ሳጋ የሚባለው፣ የስክሪኑን ችግር ይፈታል? ሌቨል መሃል ሲወጣ የሚጠፋውንም አትርሱብኝ።


የካንቲናው_በር፦

ከመጨረሻው ልጀምር። በስቶሪ የመጀመሪያ ዙር መሃል ላይ ከወጡ አዎ፣ ይጠፋል። የሚቀመጠው ሌቨሉ ሲያልቅ ነው። ስለዚህ አዲስ የስቶሪ ሌቨል መጀመር ያለበት ለመጨረስ የሚበቃ ጊዜ ሲኖር ነው። የመኝታ ሰዓት ከቀረበ ፍሪ ፕሌይ ይግቡ፤ እዚያ ሲወጡ ሴቭ አድርጎ መውጣት የሚል ምርጫ አለ፣ ስተዱም ሚኒኪቱም ይቀመጣል። ሁለቱ ምርጫዎች ከላይና ከታች ስለሆኑ የማያነብ ልጅ ያለ ሴቭ የሚያስወጣውን ሊነካ ይችላል፤ መውጣቱን ትልቁ ያድርገው። ሴቭ እያደረገ መሆኑን የሚያሳየው ምልክት ስክሪኑ ላይ ሳለም ኮንሶሉ አይጠፋ።

ፍሪ ፕሌይ ላይ ይሄ ሌላም ጥቅም አለው። አንድ የጎደለ ሚኒኪት ብቻ ፈልጋችሁ ከገባችሁ፣ እሱን አንስታችሁ ሴቭ አድርጋችሁ መውጣት ነው፤ እስከ መጨረሻው መሄድ አያስፈልግም።

የመርከብ ሌቨሎቹን በተመለከተ፣ ሮዝ ሆኖ የሚያበራው በተራ ጥይት አይፈርስም፣ ቶርፒዶ ይፈልጋል። ቶርፒዶው ሌቨሉ ውስጥ በዚያው ቀለም ከሚታዩ ማውጫዎች ይገኛል። በላዩ ሲያልፉ ከመርከቡ ኋላ ተከትሎ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ወደ ዒላማው ዞሮ መተኮስ ነው። ልጆች የሚሳሳቱት ዒላማው ፊት ቆመው ደጋግመው በመተኮስ ነው። ዞሮ መመለስ፣ ቶርፒዶ ማንሳት፣ እንደገና መሞከር ይቻላል። አንዱ ልጅ ቶርፒዶ ያምጣ፣ ሌላው የሚተኩሱበትን ያጽዳለት። አንዳንድ በር ደግሞ ለኢምፓየሩ ታይ መርከቦች ብቻ ነው የሚከፈተው፤ እሱም ለፍሪ ፕሌይ የተቀመጠ ስለሆነ በስቶሪው አትድከሙበት።

የስልኩ ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ታሪኩ አንድ ነው፣ ሁለተኛ ተጫዋች ግን አይገባበትም። ኮምፒዩተር ላይ ያለው ለሁለት ይሆናል፣ በአንድ ስክሪን። እዚያም ሁለት ኮንትሮለር ይሻላል፤ ሁለት ልጅ በአንድ ኪቦርድ ላይ እጅ ለእጅ ይጋጫል።

ስካይዎከር ሳጋ በ2022 የወጣ ነው፣ ዘጠኙንም ኤፒሶድ ይዟል። ለሁለት ሲጫወቱ ስክሪኑ ግራና ቀኝ ለሁለት ተከፍሎ ይቆያል። መጎተቱ ይቀራል፤ በዚያ በኩል መልስ ነው። ነገር ግን የእያንዳንዱ ልጅ ስክሪን ግማሽ ስለሚሆን ትንሽ ቲቪ ላይ ዕቃው ይደቃል። ውጊያውም ቁልፎችን በተራ ማጣመር ይፈልጋል፣ ካራክተሮቹ የሚሻሻሉበት የተለየ ዝርዝርም አለው፤ እሱ ንባብ ይጠይቃል። ካራክተሮቹም ይናገራሉ፤ ኤክስትራ ውስጥ እንደ ድሮው የሚያጉረመርሙበት ምርጫ ግን አለ። ለ9 ዓመቱ ጥሩ ነው። ለ6 ዓመቱ የአሁኑ ይሻለዋል ባይ ነኝ፤ መዝለል፣ መምታት፣ መሥራት፣ ያቺው ናት። የሌጎ መንፈሷም ያለችው እዚያች ላይ ነው፦ የተሰበረው ነገር ቁርጥራጩ መሬት ላይ እየዘለለ ይጠብቃል፣ ልጁ ቢ የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ ሲይዝ አንድ በአንድ እየተነሳ ቦታ ቦታውን ይይዛል። ትንሽ ልጅ ቁልፉን ቶሎ ስለሚለቅ ግማሽ ላይ ይቆምበታል፤ «እስኪያልቅ አትልቀቅ» በሉት።

ለስተድ_ቆጣሪ አንድ ማስተካከያ አለኝ። ዲቴክተሩን አሁን መግዛት ያዋጣል ያልከው ለነሱ ትንሽ ይቆይ ባይ ነኝ። የዲቴክተሩ ቀስት ቦታውን ይጠቁማል እንጂ መንገዱን አይጠቁምም። ብሪኩ ከቀይ ብልጭታው ወይም ከብረት መሳዩ ዕቃ ኋላ ከሆነ ቬደርና ሊያ እስኪመጡ ድረስ ቀስቱ እዚያው ቆሞ ልጆቹን ያበሳጫቸዋል። ኤፒሶድ 6 ካለቀ በኋላ ቢገዛ ግን በአንድ ዙር ቀይ ብሪኩንም ሚኒኪቶቹንም ይዘው ይወጣሉ።


ስተድ_ቆጣሪ፦

ትክክል ነህ፣ እነሱ 5 ላይ መሆናቸውን አላሰብኩትም። ከ6 በኋላ ይሁን።

እህቴ፣ ሌላ የሚረሳ ነገር፦ ኤክስትራ ገዝቶ መተው አይበቃም፣ ማብራት ያስፈልጋል። ሌቨሉ ውስጥ ስታርት ተጭናችሁ ኤክስትራ የሚለውን ግቡና እያንዳንዱን አብሩት። «2 እጥፉን ገዛን፣ ስተዱ ግን እንደ ድሮው ነው» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ያላበራው ነው። ለማረጋገጥ አንድ ብርማ ስተድ ብቻ ልቀሙና ቁጥሩን እዩ፤ 10 ከጨመረ ጠፍቷል፣ 20 ከጨመረ በርቷል።

የማይሞቱበት ኤክስትራም አለ፤ ከተገኘ በኋላ ለትንሹ ሲባል ማብራት ይቻላል። ሲመቱ ልባቸው አይቀንስም፣ ስተድም አይፈስባቸውም። ገደል ግን ከሱም ጋር ገደል ነው፣ ስለዚህ ኮንትሮለር_2 ያለው ትንሹ ከፊት የሚሄድበት ዘዴ ይቀጥል።


ቢጫ_ራስ፦

ለልጆቹ አንድ ነገር አሳዩልኝ። ሚኒኪት አንድ ባነሱ ቁጥር የአንድ ትንሽ መርከብ አካል ይጨመራል፤ አሥሩ ሲሞሉ መርከቡ ይጠናቀቃል። ከካንቲናው በር ወደ ውጭ ሲወጡ ግቢው ላይ የሰበሰቧቸው ሁሉ ተደርድረው ቆመዋል፣ ያልተሟሉትም ግማሽ አካላቸው ጎድሎ። ትንሹ የትኛው ሌቨል እንደቀረ ዝርዝር ማንበብ አያስፈልገውም፤ እዚያ ዞር ብሎ ክንፍ የጎደለውን ያሳያችሁና ለዚያ ሌቨል ትገባላችሁ።